ዝም ያለ ሬዲዮ ምን ይነግረናል? የቻናልና የስኩዌልች አጠቃቀም በመስክ ጥናት ሥራ

መግቢያ

ባለፈው በጋ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አባል የነበረበት አንድ የጥናት ቡድን በዓባይ ሸለቆ ውስጥ በአንድ ገባር ወንዝ ላይ የውኃ መጠን ልኬት ያካሂድ ነበር። ሁለታችን በአፋፉ ላይ በተተከለው ድንኳን ስንቀመጥ ሦስቱ ባልደረቦቻችን ከታች በወንዙ ዳር ተሰማርተው ነበር። በሥፍራው የሞባይል ስልክ ስለማይሠራ የምንገናኘው በእጅ በሚያዙ መገናኛ ሬዲዮዎች ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከታች ከነበሩት አንዱ ድንጋይ አዳልጦት ወደቀና እግሩን ክፉኛ ወለም አለው። ጓደኞቹ እየደጋገሙ ቢጠሩንም ለአርባ ደቂቃ ያህል መልስ አላገኙም። የድንኳኑ ሬዲዮ በርቷል፤ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ቻናሉም ትክክለኛው ነው። እኛም «ካልጠሩን ደህና ናቸው ማለት ነው» ብለን ሥራችንን ቀጥለን ነበር። በኋላ የባትሪውን ሁኔታ ለማየት ሬዲዮውን ሳነሣ ሳላስበው በጎኑ ያለውን የማዳመጫ ቁልፍ ተጫንኩት። በ«ሽሽሽ» ጫጫታ የተሸፈነ፣ ቃሉ ግን የሚለይ የሰው ድምፅ ተሰማ። ድምፁ እየደረሰን ነበር፤ ሬዲዮው እንዳያሰማን አድርገን ያዘዝነው እኛው ራሳችን ነበርን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ገጠመኝ ይነሣል። ዓላማው የቻናልና የስኩዌልች አሠራርን ማብራራትና ከዚህ ማብራሪያ የሚከተለውን አንድ ነጥብ ማስገንዘብ ነው፤ ይኸውም የመገናኛ ሬዲዮ ጸጥታ ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑ ነው። ጸጥታው «የሚናገር ሰው የለም» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «የሚናገር ሰው አለ፤ ነገር ግን የተቀመጠውን መስፈርት አላሟላም» ማለትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። ጽሑፉ የሚመለከተው ድምፅን በፍሪኩዌንሲ ሞዱሌሽን (ኤፍ ኤም) የሚያስተላልፉ፣ በቪኤችኤፍና በዩኤችኤፍ ሞገዶች የሚሠሩ አናሎግ የእጅ ሬዲዮዎችን ነው። የዲጂታል ሬዲዮዎች አሠራር የተለየ በመሆኑ እዚህ አይካተትም።

1. የቻናል ቁጥር የፍሪኩዌንሲ መጠሪያ አይደለም

በዕለት ተዕለት አነጋገር «ቻናል 3 ላይ ግቡ» ሲባል ቁጥሩ በአየር ላይ ያለ አንድ ቋሚ ሥፍራ የሚያመለክት ይመስላል። በእርግጥ ግን ቻናል በሬዲዮው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ በአንድ ቁጥር ሥር የተቀመጠ የመረጃ ጥቅል ነው። በጥቅሉ ውስጥ የመቀበያ ፍሪኩዌንሲ፣ የማስተላለፊያ ፍሪኩዌንሲ፣ የቻናሉ ስፋት፣ የማስተላለፊያ ኃይልና የቶን ኮድ ይገኛሉ። ከማስተላለፊያ ኃይሉ በቀር በቀሩት በአንዱ እንኳ ሁለት ሬዲዮዎች ከተለያዩ፣ በማሳያቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢነበብም ግንኙነታቸው ይጎድላል ወይም ከነጭራሹ አይኖርም።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው ያለ ግል ፈቃድ እንዲሠራባቸው በተለያዩ አገሮች የተመደቡት የሬዲዮ አገልግሎቶች ናቸው። በአሜሪካ ኤፍ አር ኤስ በተባለው አገልግሎት ቻናል 1 ማለት 462.5625 ሜጋኸርዝ ነው። በአውሮፓ ፒ ኤም አር 446 በተባለው አገልግሎት ደግሞ ቻናል 1 ማለት 446.00625 ሜጋኸርዝ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ16 ሜጋኸርዝ በላይ ስለሆነ አንዱ ከአሜሪካ፣ ሌላው ከአውሮፓ የተላኩ ሁለት ሬዲዮዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም «1» ቢያሳዩ እንኳ አይደማመጡም። በአንጻሩ በባሕር ትራንስፖርት ቻናል 16 በዓለም አቀፍ ስምምነት 156.8 ሜጋኸርዝ እንዲሆን ተወስኗል፤ ለአደጋ ጥሪም ያገለግላል። በዚያ ቁጥሩ ትርጉም ያገኘው ሁሉም ስለተስማማበት ነው። በአንድ የጥናት ቡድን ውስጥም ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ሬዲዮዎቹ ከጉዞ በፊት በአንድ ሰንጠረዥ መሠረት ከተሞሉ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚያስተዳድረው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ሬዲዮ ከፋብሪካ በተሞላለት ፍሪኩዌንሲ ስለሠራ ብቻ ልንጠቀምበት ይገባል ማለት አይደለም። በሌላ አገር ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሞገድ በዚህ አገር ለሌላ አገልግሎት ተመድቦ ሊሆን ይችላል። ሰንጠረዡ መነሣት ያለበት ለተቋሙ ከተፈቀዱት ፍሪኩዌንሲዎች ነው።

ቻናል ስፋትም አለው። ሬዲዮው ድምፅ ሲያስተላልፍ ሞገዱ ከመሐል ፍሪኩዌንሲው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። በመሐንዲሱ ጆን ካርሰን ስም የሚጠራው ቀመር እንደሚያሳየው፣ የሚያዘው ስፋት የውዝዋዜው ከፍተኛ መጠንና የድምፁ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ተደምረው በሁለት ሲባዙ የሚገኘው ነው። ውዝዋዜው 2.5 ኪሎኸርዝ፣ ድምፁ እስከ 3 ኪሎኸርዝ ቢሆን ስፋቱ 11 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ ይህም በ12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል ውስጥ ይገባል። ውዝዋዜው 5 ኪሎኸርዝ ከሆነ ግን ስፋቱ 16 ኪሎኸርዝ ስለሚደርስ የ25 ኪሎኸርዝ ቻናል ይጠይቃል። ላኪው በሰፊው፣ ተቀባዩ በጠባቡ ከተሞላ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይጎረብጣል፤ አንዳንዴም ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ስኩዌልቹ ይዘጋል። በተቃራኒው ላኪው በጠባቡ፣ ተቀባዩ በሰፊው ከተሞላ ድምፁ ደካማ ሆኖ ይሰማል። ተጠቃሚው ችግሩን ከርቀት ወይም ከባትሪ ድካም ጋር ያያይዘዋል፤ ምክንያቱ ግን በመሙላት ጊዜ የተፈጠረ አለመጣጣም ነው።

የመቀበያና የማስተላለፊያ ፍሪኩዌንሲ መለያየትም እንዲሁ ስሕተት ያስከትላል። በተራራ ላይ የተተከለ ድምፅ አቀባይ ጣቢያ (ሪፒተር) ያለው ቡድን በአንዱ ፍሪኩዌንሲ ይሰማል፣ በሌላው ይናገራል። የማስተላለፊያው ፍሪኩዌንሲ በስሕተት የተሞላ ሬዲዮ የሌሎችን ንግግር ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ የእርሱን ግን ማንም አይሰማም። መስማት መሰማትን አያረጋግጥም። ስለሆነም የሬዲዮ ፍተሻ የሚባለው በሁለቱም አቅጣጫ ጠርቶ መልስ በመቀበል የሚፈጸም እንጂ የሌሎችን ወሬ ሰምቶ የሚደመደም አይደለም።

2. ስኩዌልች ጫጫታን የሚያዳምጥ በረኛ ነው

በኤፍ ኤም ተቀባይ ላይ ምንም ሞገድ በማይደርስበት ጊዜ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አይልም። የአንቴናውና የተቀባዩ የራሱ ሙቀት የሚፈጥረው ጫጫታ በሙሉ ኃይል ይወጣል። ይህን እየሰሙ ቀኑን ሙሉ መሥራት ስለማይቻል ድምፅ ማጉያውን የሚዘጋና የሚከፍት ዑደት ያስፈልጋል፤ ስኩዌልች የሚባለው ይኸው ነው።

የስኩዌልች አሠራር ከተለመደው ግምት የተለየ ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ዑደቱ የሰውን ድምፅ ሲያገኝ የሚከፈት ይመስላቸዋል። በአብዛኞቹ አናሎግ ሬዲዮዎች ግን ዑደቱ የሚለካው ጫጫታውን ነው። የሰው ንግግር በሬዲዮ የሚተላለፈው በግምት ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። ዑደቱ ከዚህ ክልል በላይ ያለውን ክፍል ለይቶ በማጣራት በዚያ ያለውን የጫጫታ መጠን ይለካል። ተሸካሚ ሞገድ ሲደርስ በኤፍ ኤም ጠባይ መሠረት ጫጫታው ይቀንሳል። ሞገዱ በበረታ መጠን ጫጫታው ይበልጥ ይጠፋል። የጫጫታው መጠን ከተወሰነ ወሰን በታች ሲወርድ ዑደቱ በሩን ይከፍታል፤ ሲያልፍ ይዘጋል። ስለዚህ ተናጋሪው ቃል ባይናገርም የመናገሪያ ቁልፉን በመጫኑ ብቻ የተቀባዩ በር ሊከፈት ይችላል።

ተጠቃሚው «ስኩዌልቹን አጠበቅሁ» ወይም «አላላሁ» ሲል የሚቀይረው ይህን ወሰን ነው። በብዙ የእጅ ሬዲዮዎች ደረጃው ከ0 እስከ 9 ባሉ ቁጥሮች ይሰጣል። 0 ላይ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ 9 ላይ የሚከፈተው ብርቱ ሞገድ ሲደርሰው ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ለሁሉም ሬዲዮ የሚሠራ አንድ የዴሲቤል ትርጉም የላቸውም። የአንዱ አምራች ደረጃ 4 ከሌላው ደረጃ 4 ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ በአንዳንድ ርካሽ ሬዲዮዎች ደግሞ በተከታታይ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ወጥ አይደለም።

ዑደቱ አንድ ተጨማሪ ባሕርይ አለው። መክፈቻውና መዝጊያው በአንድ ነጥብ ላይ ቢሆኑ ኖሮ በወሰኑ አካባቢ የሚዋዥቅ ሞገድ በሩን በየቅጽበቱ ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ይህን ለማስቀረት ለመክፈት የሚያስፈልገው ሞገድ በሩ ከተከፈተ በኋላ ክፍት አድርጎ ለማቆየት ከሚያስፈልገው ጥቂት እንዲበልጥ ይደረጋል። በገደልና በዛፍ መካከል የሚራመድ ሰው ሞገድ በጥቂት እርምጃ ርቀት ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ስኩዌልቹ በጠበቀ ሬዲዮ ላይ ቃሎቹ ተቆራርጠው ይሰማሉ። ስኩዌልቹ ላልቶ ቢሆን ኖሮ ያው ንግግር በጫጫታ ታጅቦ፣ ነገር ግን ሳይቆራረጥ ይሰማ ነበር። የሰለጠነ ጆሮ በጫጫታ ውስጥ ያለን ቃል መለየት ይችላል፤ ያልደረሰውን ቃል ግን መለየት አይችልም።

3. በማጥበቅ የሚጠፋው ርቀት

በሬዲዮ መግለጫዎች ላይ የተለመደው የመቀበል አቅም 0.25 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። በ50 ኦም አንቴና ይህ ከአንድ ሚሊዋት 119 ዴሲቤል በታች ማለት ነው። በ11 ኪሎኸርዝ ስፋት ውስጥ ያለው የሙቀት ጫጫታ ደግሞ ከአንድ ሚሊዋት 134 ዴሲቤል ገደማ በታች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ወደ 15 ዴሲቤል የሚጠጋ ልዩነት የተቀባዩን የራሱን ጫጫታና ንግግሩ እንዲለይ የሚያስፈልገውን ብልጫ ይሸፍናል። በዚህ ጠባብ ክልል ላይ ስኩዌልቹ የሚጨምረው እያንዳንዱ ዴሲቤል ከርቀት ላይ ይቀነሳል።

ምን ያህል እንደሚቀነስ ማስላት ይቻላል። በነጻ አየር የሞገድ ኃይል በርቀት ካሬ ልክ ይቀንሳል። ከመሬት የሚንጸባረቀው ሞገድ በሚታሰብበት ሞዴል ደግሞ ረዘም ባለ ርቀት ላይ በርቀት አራተኛ ኃይል ልክ ይቀንሳል። ስኩዌልቹ የሚከፈትበትን ወሰን 6 ዴሲቤል ብናሳድገው በመጀመሪያው ሞዴል ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። 12 ዴሲቤል ብናሳድገው በመጀመሪያው ወደ ሩብ፣ በሁለተኛው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የሚሸፈነው የመሬት ስፋት ሲታሰብ ጉዳቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ስፋቱ ወደ ሩብ ይወርዳልና።

ነገሩን በኃይል መልክ ማየትም ይጠቅማል። 12 ዴሲቤል ማለት በግምት 16 እጥፍ ነው። ስለሆነም ስኩዌልቹ ለመክፈት ከሚያስፈልገው በላይ 12 ዴሲቤል በጠበቀ ሬዲዮ ዘንድ፣ ከሩቅ በ5 ዋት የሚጣራ ባልደረባ በ0.3 ዋት ከሚጣራ ሰው ተለይቶ አይታይም። ብርቱ ሬዲዮና ረጅም አንቴና በገንዘብ ተገዝተው፣ አንድ ደረጃ በማዞር ብቻ ጥቅማቸው ሊጠፋ ይችላል። ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የአፋፉ ግድግዳ ሞገዱን አስቀድሞ ስለሚያዳክመው የሚባክን ትርፍ የለም።

በመግቢያው የተጠቀሰው ችግር የተፈጠረውም በዚህ መንገድ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የፀሐይ ኃይል ባትሪ መሙያ ነበር። የመሙያው መቆጣጠሪያ በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ስላለው የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል፤ ከሚረጨው አንዱ በቻናላችን ላይ እንደ ተሸካሚ ሞገድ ሆኖ ሬዲዮውን አሁንም አሁንም ይከፍተው ነበር። ጩኸቱ ያሰለቸን እኛ ሬዲዮውን ከመሙያው ከማራቅ ይልቅ ስኩዌልቹን ከ2 ወደ 9 አደረግነው። ጩኸቱ ጠፋ፤ ከታች የሚመጣው ድምፅም አብሮ ጠፋ። በማግስቱ ሬዲዮውን ከመሙያው አርቀን ስኩዌልቹን ወደ 1 ስናወርደው ከዚያው የወንዝ ዳር የተላከው ንግግር ተሰማ። ይህ በላቦራቶሪ መሣሪያ የተደገፈ ልኬት ባይሆንም የነገሩን አቅጣጫ ያሳያል።

4. የቶን ስኩዌልች፦ የተሻለ መፍትሔ፣ የተሰወረ አደጋ

ጫጫታን ከሚለካው ስኩዌልች ሌላ በቶን የሚሠራ ስኩዌልች አለ። ሲ ቲ ሲ ኤስ ኤስ በመባል በሚታወቀው ዘዴ ላኪው ከንግግሩ ጋር አንድ ያልተቋረጠ ዝቅተኛ ቶን ይልካል። የተለመዱት ቶኖች ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ ድምፅ ማጉያው ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ስለሚያጣራ ጆሮ አይሰማቸውም። የተቀባዩ በር የሚከፈተው የተመረጠው ቶን ሲደርሰው ብቻ ነው። ዲ ሲ ኤስ የተባለው ሌላው ዘዴ ደግሞ በቶን ፈንታ በሰከንድ 134.4 ቢት ፍጥነት የሚደጋገም ባለ 23 ቢት ኮድ ይልካል።

የቶን ስኩዌልች ትልቁ ጥቅም ጸጥታን ያለ ማጥበቅ ማስገኘቱ ነው። የባትሪ መሙያው የሚረጨው ሞገድ ቶን ስለሌለው በሩን አይከፍትም። ስለዚህ የጫጫታ ስኩዌልቹን እስከ ዝቅተኛው ደረጃ ማላላት ይቻላል፤ ደካማ ሞገድ ቶኑን እስካመጣ ድረስ ይሰማል። ለተደጋጋሚ ጩኸት ትክክለኛው መድኃኒት በቅድሚያ ምንጩን ማራቅ፣ ቀጥሎ ቶን መጠቀም፣ በመጨረሻም ስኩዌልቹን ማጥበቅ ነው። በተለምዶ ግን ሦስተኛው ይቀድማል። ቶን በሩን ይጠብቃል እንጂ ጣልቃ የሚገባውን ሞገድ ከአየር ላይ አያስወግድም፤ የባልደረባን ደካማ ሞገድ የሚሸፍን ብርቱ ሞገድ ካለ ቶን አይረዳም።

በዚህ ረገድ ሦስት አለመግባባቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የምስጢር ጉዳይ ነው። አንዳንድ አምራቾች ቶኑን የግል ኮድ ብለው ስለሚጠሩት ተጠቃሚዎች ንግግራቸው የተሰወረ ይመስላቸዋል። ቶን ተቀባዩ ማንን እንደሚሰማ ይወስናል እንጂ ላኪውን ማን እንደሚሰማው አይወስንም። ቶን ያልሞላ ማንኛውም ሬዲዮ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁሉን ይሰማል። ስለ ጥናት ተሳታፊዎች ማንነት በሬዲዮ የሚነገር ነገር በአደባባይ እንደተነገረ ሊቆጠር ይገባል።

ሁለተኛው የኮድ ቁጥር ጉዳይ ነው። የቶን ቁጥርም እንደ ቻናል ቁጥር በራሱ ትርጉም የለውም። 69.3 ኸርዝን በሚያካትት ዝርዝር ሁለተኛው ቶን 69.3 ሲሆን፣ በማያካትት ዝርዝር ሁለተኛው 71.9 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ አምራቾች ሬዲዮዎች በሚቀላቀሉበት ቡድን ውስጥ በቁጥር ሳይሆን በኸርዝ መስማማት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ከባዱ የተሰወረ መጨናነቅ ነው። ሁለት ቡድኖች አንድን ፍሪኩዌንሲ በተለያየ ቶን ሲጠቀሙ አንዱ የሌላውን አይሰማም፤ ሆኖም አየሩን ይጋራሉ። የአንዱ ቡድን አባል ሬዲዮው ጸጥ ስላለ ቻናሉ ነጻ መስሎት ቁልፉን ይጫናል፤ የሌላውን ቡድን ንግግርም ያፍናል። በኤፍ ኤም ብርቱው ሞገድ ደካማውን ስለሚውጥ የተዋጠው ሰው እንዳልተሰማ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በዚያ ቅጽበት የተዋጠው የእርዳታ ጥሪ ሊሆን ይችላል። ከመናገር በፊት የማዳመጫ ቁልፉን ተጭኖ መስማት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ቁልፉ ቶኑን፣ በብዙ ሬዲዮዎች ደግሞ የጫጫታ ስኩዌልቹንም ለጊዜው ያነሣል።

የጊዜ ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። የ67.0 ኸርዝ ቶን አንድ ዙር 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ተቀባዩ ቶኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ብዙ ዙሮች ያስፈልጉታል። ቁልፉን እየተጫነ ወዲያው የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይቆረጥበታል። «አትውረዱ» የሚለው ቃል መጀመሪያው ተቆርጦ «ውረዱ» ሆኖ ቢደርስ የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። ቁልፉን ተጭኖ አንድ ሰከንድ መጠበቅ፣ ማስጠንቀቂያንም በአሉታ ግሥ ብቻ ሳይሆን «ቁሙ» በሚል ራሱን በቻለ ቃል መስጠትና መድገም ይመረጣል።

5. ለመስክ ቡድን የሚመከር አሠራር

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ከጉዞ በፊት የቻናል ሰንጠረዥ ይዘጋጅ። በሰንጠረዡ ላይ የቻናል ቁጥር፣ የመቀበያና የማስተላለፊያ ፍሪኩዌንሲ በሜጋኸርዝ፣ ስፋት በኪሎኸርዝ፣ ቶን በኸርዝ ይጻፍ። ሁሉም ሬዲዮዎች በዚያው ይሞሉ፤ እያንዳንዱ ሬዲዮ ከእያንዳንዱ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ ይፈተሽ። ከዚያም ቁልፎቹ በስሕተት እንዳይነኩ ይቆለፉ።

ሁለተኛ፣ ስኩዌልች በሥራው ቦታ ይስተካከል። ማንም በማይናገርበት ሰዓት ደረጃው ወደ 0 ወርዶ ጫጫታው ይሰማ። ከዚያ አንድ በአንድ ከፍ እየተደረገ ጫጫታው በሚጠፋበት የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ይቁም። አስፈላጊ ከሆነ ከአንድ ደረጃ በላይ አይጨመር። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ጩኸት ካለ ምንጩ ይፈለግ፤ የፀሐይ ኃይል መሙያ፣ ኢንቬርተር፣ ጄኔሬተርና ኮምፒውተር በቅድሚያ ይጠርጠሩ።

ሦስተኛ፣ የእርምጃ ፍተሻ ይደረግ። አንድ ሰው እየራቀ ቁጥር ይጥራ። በድንኳኑ ያለው ሰው መጀመሪያ እንዲሁ፣ ቀጥሎ የማዳመጫ ቁልፉን ተጭኖ ያዳምጥ። ቁልፉ ተጭኖ የሚሰማ፣ ሳይጫን የማይሰማበት ሥፍራ በካርታ ላይ ይመልከት። ያ ሥፍራ ስኩዌልቹ የሚሰውረው የሥራ ክልል ነው።

አራተኛ፣ የማዕከሉ ሬዲዮ ከሌሎቹ ይለይ። በመስክ ያሉት ሬዲዮዎች ቶን ቢልኩም ቢጠይቁም፣ ማዕከሉ ቶን ይላክ እንጂ ለመቀበል ቶን አይጠይቅ። ቶኑ የተሳሳተበት ባልደረባም ሆነ ሌላ ሰው ችግር ሲደርስበት በማዕከሉ ሊሰማ ይገባል። የማዕከሉ አዳማጭ ጥቂት ጩኸት መታገሥ ይኖርበታል። ይህ አማራጭ ዋጋ አለው፤ ቻናሉ በሌሎች ተጠቃሚዎች በተጨናነቀበት አካባቢ አዳማጩን ያሰለቻል። እንዲያ ከሆነ ቶን መጠየቁ ይፈቀድ፤ ነገር ግን የማዳመጫ ቁልፉ በየጊዜው እንዲጫን በሥራ ደንብ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ የጥሪ ሰዓት ይወሰን። ለምሳሌ በየሰዓቱ መጀመሪያ ማዕከሉ ይጣራ፤ መልስ ካልመጣ የማዳመጫ ቁልፉን ተጭኖ ለአንድ ደቂቃ ያዳምጥ፤ ከዚያም በኋላ ካልተሰማ ሰው ይላክ። እኛ ይህን ደንብ ይዘን ቢሆን ኖሮ ባልደረባችን አርባ ደቂቃ ባልጠበቀ ነበር።

ማጠቃለያ

የኬሚስትሪ ተመራማሪ በናሙና ውስጥ የሚፈልገውን ንጥረ ነገር ሳያገኝ ሲቀር «የለም» ብሎ አይጽፍም፤ «መሣሪያው ሊለየው ከሚችለው መጠን በታች ነው» ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ስለ ናሙናው፣ ሁለተኛው ስለ መሣሪያው ጭምር ይናገራል። የመገናኛ ሬዲዮም ወሰን ያለው መሣሪያ ነው። ወሰኑን የሚያስቀምጠውም አምራቹ ብቻ አይደለም፤ ተጠቃሚው በአንድ ጣቱ ይቀይረዋል። በመስክ ማስታወሻ ላይ «በ9 ሰዓት ጥሪ አልነበረም» ከማለት «በ9 ሰዓት በስኩዌልች ደረጃ 2፣ ያለ ቶን፣ ጥሪ አልተሰማም» ብሎ መመዝገብ የተሻለ ማስረጃ ነው፤ ነገሩ ሲመረመርም ስሕተቱ የት እንደነበረ ያሳያል።

የቻናልና የስኩዌልች ትምህርት በብዙ ቡድኖች ዘንድ ሬዲዮው ሲታደል በቃል የሚነገር የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። የጥናት ፕሮፖዛሎች ስለ ናሙና አወሳሰድና ስለ መሣሪያ ማስተካከያ በዝርዝር ሲጽፉ ስለ ግንኙነት የሚሉት «ሬዲዮ እንጠቀማለን» ብቻ ነው። የቻናል ሰንጠረዡ፣ የስኩዌልች ደረጃውና የጥሪ ሰዓቱ በፕሮፖዛሉ የደኅንነት ክፍል ውስጥ አንድ ገጽ ቢሰጣቸው ወጪ አያስከትሉም። የባልደረባችን እግር በሦስት ሳምንት ድኗል። ወለምታው ስብራት፣ ሰዓቱም ምሽት ቢሆን ኖሮ ግን ያ ጸጥታ የሚያስከፍለው ዋጋ ሌላ በሆነ ነበር።